ቱቢንገን ከኔካር ወንዝ ላይ ስትታይ

በደቡብ ምዕራብ ጀርመን፣ ከሽቬኒንገን ረግረግ የሚመነጨው የኔካር ወንዝ ከ360 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ በማንሃይም ከተማ ከራይን ጋር ይቀላቀላል። ለመርከብ የሚያገለግለው ግን የታችኛው 200 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ወንዙን እየገደቡ፣ መርከብን በደረጃ የሚያወጡና የሚያወርዱ የውኃ በሮች እየሠሩ ለንግድ ጉዞ የማዋሉ ሥራ በ1920ዎቹ ዓመታት ተጀምሮ በ1935 ሃይልብሮን፣ በ1958 ሽቱትጋርት፣ በ1968 ደግሞ ፕሎኪንገን ደረሰ፤ የበሮቹም ቍጥር 27 ሆነ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መሐንዲሶቹ በፕሎኪንገን ቆሙ። የዩኒቨርሲቲ ከተማይቱ ቱቢንገን የምትገኘው ከዚያ በላይ፣ መርከብ በማይደርስበት የወንዙ ክፍል ነው። ስለዚህም ከውኃ ላይ ሊያያት የሚሻ መንገደኛ ሞተር በሌለው፣ በዘንግ በሚገፋ ጀልባ መሳፈር ይኖርበታል።

የከተማው ሰዎች ይህን ጀልባ «ሽቶኸርካን» ይሉታል። ከሳንቃ የተሠራ፣ ረጅምና ጠባብ፣ ወለሉም ጠፍጣፋ ነው። ተሳፋሪዎች በሁለቱ ጎን ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ ገፊው ከኋላ ቆሞ ረጅሙን ዘንግ ወደ ወንዙ ወለል ሰድዶ ይደገፍበታል፤ ጀልባውም ያለ ድምፅ ወደ ፊት ይሄዳል። የጣና ታንኳ በዘንግ ሲገፋ ያየ ሰው ጥበቡ አይከብደውም፤ ልዩነቱ አንዱ ከደንገል መታሰሩ፣ ሌላው ከሳንቃ መመታቱ ነው። ውኃው እንዲህ ረግቶ ለዘንግ የሚመች የሆነው በተፈጥሮው አይደለም። በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ ከከተማይቱ በታች ለኤሌክትሪክ ማመንጫ የተሠራው መከተሪያ ወንዙን ወደ ኋላ ስለሚያቁረው ነው። ከዚያ በፊት በዚህ የሚያልፉት የጥቁር ደንን ግንድ በግንድ አስረው የሚያወርዱ ሰዎች ነበሩ፤ ተማሪዎችም ከዳር ቆመው ያሾፉባቸው ነበር ይባላል። የመጨረሻው የግንድ ታንኳ ያለፈው በ1899 ነው።

በእግሩ የሚዞር ጎብኚ በቱቢንገን የሚያየው ጠባብ ዳገታማ መንገድና ከራሱ በላይ የሚገጥም ጣሪያ ነው፤ ከተማይቱን ሙሉ ለሙሉ አያያትም። ከውኃው ላይ ግን መሐንዲስ በወረቀት የሚነድፈውን የፊት ገጽታ ሥዕል መስላ ትቀርባለች። ከሥር የከተማው ቅጥር፣ በቅጥሩ ላይ የተደገፉ የእንጨት መዋቅር ያላቸው ቤቶች፣ ከቤቶቹ ኋላ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ግንብ፣ ከሁሉም በላይ በስተ ምዕራብ በኰረብታው ጫፍ የሆሄንቱቢንገን ግንብ ይታያል። በዚህ አንድ ገጽታ ላይ የአምስት መቶ ዓመት የትምህርት ታሪክ ተደርድሯል፤ ጀልባውም ወደ ላይ ሲገፋ አንዱን ከአንዱ በኋላ ያልፈዋል።

ዩኒቨርሲቲውን በ1477 ያቋቋመው የቩርተምበርጉ መስፍን ኤበርሃርት፣ በቅጽል ስሙ «ጢማሙ» ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ኢየሩሳሌምን ተሳልሞ ነበርና የዘንባባ ዛፍን ምልክቱ አደረገ፤ ዘንባባው እስከ ዛሬ የዩኒቨርሲቲው ምልክት ሆኖ ይኖራል። ከወንዙ አጠገብ የሚታየው ቡርሰ የተባለው ትልቅ ቤት ለተማሪዎች ማደሪያና መማሪያ የተሠራው ወዲያው ዩኒቨርሲቲው እንደ ተቋቋመ ነው።

ጀልባው መጀመሪያ የሚደርሰው ከውኃው ዳር ወደቆመው ቢጫ ክብ ቤት ነው። ባለቅኔው ፍሪድሪሽ ሔልደርሊን አእምሮው ሲታወክ በ1806 ወደ ቡርሰ ገባ፤ ቤቱ በዚያን ጊዜ የሕክምና ቦታ ሆኖ ነበር። ሐኪሞቹ ቢበዛ ሦስት ዓመት ይኖራል ብለው አሰናበቱት። ኤርንስት ሲመር የተባለ መጻሕፍት ወዳድ አናጢ በ1807 ወደ ቤቱ ወሰደው፤ ሔልደርሊንም ወንዙን በሚያይ ክፍል ውስጥ 36 ዓመት ኖሮ በ1843 ሞተ። የጀልባ ገፊዎች ሁሉ ይህን ታሪክ ይናገራሉ፤ የማይናገሩት ግን ቤቱ በ1875 ተቃጥሎ እንደ ገና የተሠራ መሆኑን ነው። የጎብኚዎች ሁሉ ፎቶግራፍ የሚያነሣው ግንብ እንግዲህ ባለቅኔው ያየው ግንብ አይደለም። መስኮቱ የሚያየው ወንዝ ግን ያው ነው።

ከዚያ ትንሽ ወደ ላይ «ሽቲፍት» የተባለው የሥነ መለኮት ተማሪዎች ቤት አለ። ቀድሞ የአውጉስጢኖስ መነኮሳት ገዳም ሲሆን በተሐድሶው ዘመን የመስፍኑ የትምህርት ድጎማ ተቀባዮች ማደሪያ ሆነ። ሔልደርሊን፣ ሄግልና ሼሊንግ በአንድ ጊዜ የተማሩት እዚህ ነው። ለመሐንዲስ ግን ከሦስቱ ይልቅ በ1589 የገባው ተማሪ ይበልጥበታል። ዮሐንስ ኬፕለር የመጣው ሰባኪ ሊሆን ነበር። መምህሩ ሚካኤል ሜስትሊን በአደባባይ የበጥሊሞስን ሥነ ፈለክ ያስተምር ነበር፤ ለጥቂት ብርቱ ተማሪዎች ግን የኮፐርኒክን ትምህርት ይገልጥላቸው ነበር። ከእነዚህ አንዱ ኬፕለር ነበር። በ1594 የሒሳብ መምህር ሆኖ ወደ ግራዝ ሄደ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የመጀመሪያ መጽሐፉ እዚሁ ቱቢንገን በሜስትሊን ተቆጣጣሪነት ታተመ።

ከተማይቱ ለኬፕለር ያደረገችው ይህን ብቻ አይደለም። እናቱ ካታሪና በጥንቆላ ተከስሳ ለብዙ ዓመታት ስትንገላታ፣ ጉዳዩ በመጨረሻ ለቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህራን ቀረበ። መምህራኑም በ1621 ከሰባ ዓመት በላይ የሆናት አሮጊት የማሠቃያ መሣሪያዎቹ እንዲታዩዋትና እንድትፈራ ይደረግ ብለው ወሰኑ። አልተናገረችም፤ ተለቀቀች፤ በዓመቱም ሞተች። የፕላኔቶችን ምሕዋር ያስላው ሰው የተማረበት ቤትና ይህን ውሳኔ የጻፈው ጉባኤ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሥር የነበሩ መሆናቸውን የጉብኝት መጻሕፍት ብዙ ጊዜ አያነሡትም።

ኬፕለር በዚሁ ክርክር ምክንያት ወደ ትውልድ አገሩ ሲመላለስ በ1617 ከአንድ ወጣት ቄስ ጋር ተዋወቀ። ይህ ሰው ቪልሄልም ሺካርድ ይባላል። በ1619 በቱቢንገን የዕብራይስጥ መምህር ሆነ፤ ሜስትሊን በ1631 ሲሞት ሥነ ፈለክንም ደርቦ ያዘ። ሰዋስው ይጽፋል፣ መዳብ ይቀርጻል፣ የቩርተምበርግን ምድር በሦስት ማዕዘን ስሌት እየለካ ካርታ ይነድፋል። ያ ዘመን ዕውቀትን በክፍል በክፍል ከፍሎ አላጠረውምና አንድ የዕብራይስጥ መምህር የሒሳብ መኪና ቢሠራ የሚያስገርም አልነበረም።

መኪናውን የሠራው በ1623 ነው። በመስከረም ወር ለኬፕለር በጻፈው ደብዳቤ 11 ሙሉና 6 ጎደሎ መንኰራኵሮች ያሉት፣ የተሰጡትን ቍጥሮች ራሱ የሚደምር፣ የሚቀንስ፣ የሚያባዛና የሚያካፍል መሣሪያ መሥራቱን ገለጠለት። አሠራሩ ሁለት ነገሮችን ያጣመረ ነው። ላይኛው ክፍል ስኮትላንዳዊው ናፒር በ1617 ያወጣውን የማባዣ ሠንጠረዥ በሚሽከረከሩ ስድስት ዘንጎች ላይ የጠቀለለ ነው። ታችኛው ክፍል ደግሞ የመደመሪያና የመቀነሻ ጥርሳም መንኰራኵሮች ናቸው፤ እያንዳንዱ መንኰራኵር ከዘጠኝ ወደ ዜሮ ሲያልፍ አንድ ጥርስ ብቻ ያለው ሌላ መንኰራኵር ቀጥሎ ያለውን በአንድ ያራምደዋል። ደብዳቤው ጎደሎ የሚላቸው እነዚህን መሆን አለበት። ድምሩ ከስድስት አኃዝ ሲያልፍ ደወል ይደውላል።

ችግሩን መካኒክ የነካ ሰው ሁሉ ይረዳዋል። 999999 ላይ አንድ ሲደመር ስድስቱም መንኰራኵሮች በአንድ ጊዜ መዞር አለባቸው፤ የሚያዞራቸው ኃይልም ሁሉ በመጀመሪያዋ አንዲት ጥርስ ላይ ያርፋል። የአኃዙ ቍጥር ከስድስት አለመብለጡ ያለ ምክንያት አይመስልም። በታሪክ የመጀመሪያው የሒሳብ መኪና ሠሪ እየተባለ ለሦስት መቶ ዓመት ሲወደስ የኖረው ብሌዝ ፓስካል መኪናውን የጀመረው በ1642 ነው፤ የተወለደውም ሺካርድ ደብዳቤውን በጻፈበት ዓመት፣ በ1623 ነው።

ታዲያ ሺካርድ እንዴት ተረሳ? ለኬፕለር አንድ መኪና በአንድ መካኒክ ዘንድ በመሠራት ላይ ሳለ በየካቲት 1624 ሌሊት እሳት ተነሥቶ ያለቀውን ግማሽ በላው። ሺካርድ ይህን በሐዘን ጽፎ ለኬፕለር አሳወቀ፤ ሁለተኛ ለመሥራትም ጊዜ አላገኘም። የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ወደ አገሩ ደረሰ፤ ከ1634ቱ የኔርድሊንገን ጦርነት በኋላ የገባው ቸነፈር ቤተሰቡን ፈጀ፤ በ1635 መጸው እርሱንም ወሰደ። የመጀመሪያው መኪና የት እንደ ደረሰ አልታወቀም።

የተረፈው ወረቀት ነው። የኬፕለር ወረቀቶች ከእጅ ወደ እጅ ተላልፈው በመጨረሻ በሌኒንግራድ አጠገብ በፑልኮቮ የሥነ ፈለክ መመልከቻ ሲቀመጡ፣ የሺካርድ ንድፍ ያለባት ብጣሽ ወረቀት አብራ ሄዳለች። የኬፕለርን ሥራዎች ለኅትመት ያዘጋጅ የነበረው ፍራንዝ ሐመር በ1935 አገኛት። ጦርነት ገባ፤ ነገሩ ተዘነጋ። በ1950ዎቹ ዓመታት ሐመር በሽቱትጋርት ሌላ ንድፍ ከማብራሪያ ጋር ሲያገኝ ሁለቱ ተጋጠሙ። ከዚያ በኋላ መኪናውን አስልቶ እንደ ገና የሠራው በቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ብሩኖ ፎን ፍራይታግ ሌሪንግሆፍ ነው። በ1960 የተጠናቀቀው መኪና በእርግጥ ሠራ። ፍራይታግ ሌሪንግሆፍ መሐንዲስ አልነበረም፤ የፍልስፍና መምህር ነበር። ፈልሳፊው ዕብራይስጥ አስተማሪ፣ ንድፉን ያገኘው የታሪክ ሰው፣ መኪናውን ያስነሣው ፈላስፋ መሆኑ ለሙያው ባለቤቶች የሚያስኰራ አይደለም። ብረቱ ተቃጥሎ ወረቀቱ መቅረቱም ቢሆን የሚያስተዛዝብ ነው፤ በብዙ የሥራ ቦታ የሚሆነው የተገላቢጦሽ ነውና። ብረቱ ቆሞ ንድፉ ይጠፋል።

ጀልባው ከሽቲፍት በላይ ሲያልፍ የሆሄንቱቢንገን ግንብ ኰረብታውን ሞልቶ ይታያል። ከ1819 እስከ 1912 ድረስ የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት የነበረው በዚህ ግንብ ውስጥ ነው። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የከተማይቱ ታሪክ ከራሱ ታሪክ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው።

ከወንዙ በስተ ደቡብ፣ ዛሬ የቱቢንገን ክፍል በሆነችው ዴረንዲንገን መንደር፣ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ በ1810 ተወለደ። በቱቢንገን ሥነ መለኮት ተምሮ የወንጌል መልእክተኛ ሆነና በ1837 መጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ከአድዋ ተባርሮ በ1839 ወደ ሸዋ ሄደ፤ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አገር እስከ 1842 ቆየ። በዚህም ጊዜ የግዕዝ መጻሕፍትን ይሰበስብ ነበር፤ ከእነዚህ አያሌዎቹን ለተማረበት ዩኒቨርሲቲ ላከ። የሸዋ ጸሐፍት የጻፏቸው መጻሕፍት በኔካር ዳር ኰረብታ ላይ የተቀመጡት እንዲህ ሆኖ ነው።

በዚያን ጊዜ በቱቢንገን የሴማውያን ቋንቋዎች መምህር ሃይንሪሽ ኤቫልድ ነበር። ቀድሞ በጌቲንገን ያስተምር የነበረ ሲሆን የሐኖፈር ንጉሥ ሕገ መንግሥቱን ሲሽር ከተቃወሙት ሰባት መምህራን አንዱ በመሆኑ በ1837 ተባርሮ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ቱቢንገን መጣ። የአንድ ንጉሥ ቍጣ ኤቫልድን፣ የአንድ መልእክተኛ ትጋት መጻሕፍቱን በአንድ ከተማ አገናኘ። ኤቫልድ መጻሕፍቱን መረመረ፤ ተማሪውን አውጉስት ዲልማንንም ወደ ግዕዝ መራው። ዲልማን በ1823 የተወለደ፣ ትምህርቱን ጨርሶ በፓሪስ፣ በለንደንና በኦክስፎርድ የግዕዝ መጻሕፍትን ሲያጠና ከርሞ በ1848 ወደ ቱቢንገን የተመለሰ ወጣት ነው።

ከክራፕፍ መጻሕፍት አንዱ መጽሐፈ ኩፋሌ ነበር። በመጀመሪያ በዕብራይስጥ የተጻፈው ይህ መጽሐፍ በአውሮፓ ከጥንት ጸሐፊዎች ጥቅስ በቀር ጠፍቷል ተብሎ ይታመን ነበር። ዲልማን በቱቢንገን ያለውን አንድ የግዕዝ ቅጂ ብቻ ይዞ በ1850 እና በ1851 በጀርመንኛ ተርጕሞ አወጣው። ቅጂው ስሕተት ይበዛበት ስለ ነበር ብዙ ቦታ በግምት መሥራት ግድ ሆነበት። ሁለተኛ ቅጂ ሲያገኝ ሁለቱን አስተያይቶ የግዕዙን ንባብ በ1859 አሳተመ። ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች የዕብራይስጡ ቍርጥራጭ ሲገኝና ከግዕዙ ጋር ሲመዛዘን፣ ግዕዙ ምን ያህል በታማኝነት የተጠበቀ ንባብ እንደ ሆነ ታየ። ሙሉው መጽሐፍ እስከ ዛሬ በግዕዝ ብቻ ይገኛል።

የአውሮፓ ሊቃውንት መጽሐፉ «ተገኘ» ብለው ጻፉ። በአንኮበር ለነበረ ደብተራ ይህ ቃል እንግዳ በሆነበት ነበር፤ በቤተ ክርስቲያኑ ከመጻሕፍተ ብሉይ የሚቆጠረው ኩፋሌ ለእርሱ ጠፍቶ አያውቅምና። ዲልማን በ1857 ያሳተመው የግዕዝ ሰዋስውና በ1865 የፈጸመው ታላቁ መዝገበ ቃላት በዘመኑ ተወዳዳሪ አልነበራቸውም፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ቃሉን በብራና ላይ አቆይተው ያስተላለፉት የጸሐፍት ስም ከሽፋኑ ላይ አልወጣም። ከዲልማን ሁለት መቶ ዓመት ቀድሞ፣ በ1652፣ አባ ጎርጎርዮስ ወደ ጎታ ሄዶ ለኢዮብ ሉዶልፍ ግዕዝና አማርኛ ሲያስተምረው፣ ሉዶልፍ የመምህሩን ስም በመጽሐፉ ስላሰፈረ አባ ጎርጎርዮስ ዛሬም ይታወቃል። ስም የሚቀረው ሌላው ሰው ሊጽፈው ሲፈቅድ ነው።

በዚያው ግንብ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ገና ሳይለቅ፣ የቀድሞው ወጥ ቤት የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ሆኖ ነበር። ከባዝል የመጣው ወጣት ሐኪም ፍሪድሪሽ ሚሸር በ1869 ከቀዶ ሕክምና ቤት ከሚጣል ፋሻ መግል እያጠበ ሕዋሳትን ሲመረምር፣ ከሕዋሱ እምብርት ፎስፎር ያለበት እንግዳ ነገር አወጣና «ኑክሊን» አለው። ዛሬ ዲ.ኤን.ኤ. የሚባለው ይህ ነው። መምህሩ ሆፐ ዛይለር ነገሩን ስላላመነ ሥራውን ራሱ ደግሞ ካረጋገጠ በኋላ በ1871 እንዲታተም ፈቀደ። የሚሸርን ግኝት ትርጕም ዓለም እስኪረዳው ድረስ ብዙ ዐሥርት ዓመታት አለፉ። ላቦራቶሪው ዛሬ ለጎብኚ ክፍት ነው፤ የሺካርድ መኪና ቅጂም በከተማው ሙዚየም ይታያል።

ከግንቡ ሥር ጀልባው ይዞራል። ወንዙን ለሁለት የሚከፍለው ረጅም ደሴት ላይ በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ የተተከሉ የፕላታን ዛፎች በሁለት ረድፍ ቆመዋል፤ ቅርንጫፋቸው በውኃው ላይ ያጠላል። ከ1956 ጀምሮ ተማሪዎች በየዓመቱ በዚህ ደሴት ዙሪያ በጀልባ ይወዳደራሉ። መጨረሻ የወጣው ጀልባ ተሳፋሪዎች እያንዳንዳቸው ግማሽ ሊትር የዓሣ ጉበት ዘይት በሕዝብ ፊት ይጠጣሉ፤ የሚቀጥለውን ዓመት ውድድር የሚያዘጋጁትም እነርሱ ናቸው። ድልድዩ ሥር ባለው ጠባብ መተላለፊያ ጀልባዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲጨናነቁ ዘንግ ከዘንግ ይጋጫል፤ ብዙዎችም ውኃ ውስጥ ይወድቃሉ።

መንገደኛው ከግንቡ በታች ወርዶ ጀልባው ወደ ተነሣበት ሲመለስ ያለፈበትን ሁሉ በሌላ ተራ ያያል፤ ሽቲፍት፣ ቡርሰ፣ ቢጫው ቤት። የሸዋ መጻሕፍት ግን በዚህ ገጽታ ውስጥ የሉም። በ1912 ቤተ መጻሕፍቱ ከግንቡ ወርዶ ከድሮው ከተማ በስተ ሰሜን፣ በቪልሄልም ጎዳና ወደ ተሠራው አዲስ ሕንጻ ሲዛወር እነርሱም አብረው ተዛወሩ። ሕንጻውን የነደፈው በኋላ በታችኛው ኔካር ላይ በተሠሩት ግድቦች የተሳተፈው አርክቴክት ፓውል ቦናትዝ ነው። ከኰረብታው ወዲያ ነውና ከጀልባው ላይ አይታይም፤ ወደዚያ የሚወስደው መንገድ በእግር ነው።